ካርን ምዕራፍ 5 ላይ አትተዉት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በእንግሊዛዊው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሁር በኤድዋርድ ሃሌት ካር። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍናቸውን «ዓ.ም.» በሚለው ትለዩዋቸዋላችሁ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ መምህራችን ካር የሪያሊዝም (የዓለም ፖለቲካን የሚመራው ኃይልና ጥቅም ነው የሚለው አስተሳሰብ) አባት ነው አሉን። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስሙን ስፈልግ ግን ያገኘሁት ከታሪክ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ያውም ስለ ሶቪየት ኅብረት የተጻፉ ወፋፍራም ቅጾች። ካር የሚባሉት ሁለት ሰዎች ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አንድ ሰው ነው፤ ግን የሦስት ሰው ሥራ ሠርቶ ነው ያለፈው። በ1892 ለንደን ተወለደ፤ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ የግሪክና የላቲን ሥነ ጽሑፍ አጠና። በ1916 የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገባና ሃያ ዓመት ቆየ። በ1919 የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ላይ የልዑካኑ አባል ነበር። ከ1925 እስከ 1929 ሪጋ፣ ላትቪያ ተመደበ። ቦታው ብዙ ሥራ የሚበዛበት አልነበረም፤ ሩሲያኛ ለመማርና ዶስቶየቭስኪን በራሱ ቋንቋ ለማንበብ ጊዜ አገኘ። የመጀመሪያ መጽሐፉም በ1931 የወጣው የዶስቶየቭስኪ የሕይወት ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሚኒስቴሩ ውስጥ የመንግሥታት ማኅበር ጉዳይ ላይ ሠራ፤ ማኅበሩን ከውስጥ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

በ1936 ሚኒስቴሩን ለቅቆ ዌልስ፣ አበርስትዊዝ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። የያዘው ወንበር በ1919 የተቋቋመ ነው፤ ለዓለም አቀፍ ፖለቲካ ተብሎ በዓለም ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያው ወንበር ይኸው ነው። ገንዘቡን የሰጡት ዴቪድ ዴቪስና እኅቶቹ ሲሆኑ ስሙንም የመንግሥታት ማኅበርን ሐሳብ ባራመደው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በውድሮው ዊልሰን አስጠሩት። ዴቪስ በመንግሥታት ማኅበር የሚያምን ሰው ነበር። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው፤ በዊልሰን ስም በተሰየመው ወንበር ላይ ተቀምጦ የዊልሰንን ሐሳብ ከማንም በላይ የነቀፈው ካር ሆነ። «የሃያ ዓመቱ ቀውስ» የተባለው መጽሐፉ በ1939 ወጣ።

ከ1941 እስከ 1946 በታይምስ ጋዜጣ ረዳት አዘጋጅ ሆኖ ርእሰ አንቀጽ ይጽፍ ነበር፤ ወንበሩንም እስከ 1947 አልለቀቀም። እርስዎ ያዩዋቸው ቅጾች የሦስተኛው ሥራው ውጤት ናቸው፤ ከ1950 እስከ 1978 የወጡ 14 ቅጾች፣ የሚሸፍኑት ግን ከ1917 እስከ 1929 ያለውን አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ1982፣ በ90 ዓመቱ አረፈ።

«አባት» የሚለው ማዕረግ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሌላው አባት የሚባለው ሃንስ ሞርገንታው በ1948 ካርን ክፉኛ ተችቶታል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አያቴ ማይጨው ዘምተዋል። እዚህ አንድ ዝግጅት ላይ «ካር የጣልያንን ወረራ ደግፏል» ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ «የሃያ ዓመቱ ቀውስ» ወረራውን አያጸድቅም። ካርን ያስጨነቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሃምሳ አገር «ጣልያን የመንግሥታት ማኅበርን ቃል ኪዳን አፍርሳለች» ብሎ ፈርዶ ሳለ፣ ጣልያን በሰባት ወር ውስጥ አዲስ አበባ እንዴት ገባች?

ቀኖቹን እናስታውስ። የጣልያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት ጣልያንን ጥፋተኛ አለ፤ ጉባኤውም በ50 አገሮች ድምፅ ተከተለ። የተቃወሙት ኦስትሪያ፣ ሃንጋሪና አልባኒያ ብቻ ነበሩ። ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀመረ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ልክ ስምንት ወር።

አሁን ዝርዝሩን ይመልከቱ። ለጣልያን መሣሪያ መሸጥና ብድር መስጠት ታገደ፤ የጣልያን ዕቃ መግዛትም ታገደ። ወደ ጣልያን እንዳይላኩ ከተከለከሉት ውስጥ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ አሉሚኒየም፣ እንዲሁም ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኛሉ። አሉሚኒየሙን ጣልያን ራሷ ታመርተዋለች። ነዳጅ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ድንጋይ ከሰልም የለም። የሙሶሊኒ ታንክ፣ የጭነት መኪናና አውሮፕላን የሚሄዱት በነዳጅ ነው። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደር የጫኑ የጣልያን መርከቦች የመተላለፊያ ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ። በኅዳር መጨረሻ 1928 ዓ.ም. የብሪታንያው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለጣልያን የሚሰጥ ዕቅድ በስውር ሲስማሙ ወሬው ፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ሆር ከሥልጣኑ ለቀቀ፣ የነዳጁ እገዳ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ካር ከዚህ ያወጣው ትምህርት አጭር ነው። ኃይልን በሦስት ይከፍላል፤ የጦር ኃይል፣ የኢኮኖሚ ኃይል፣ በሰው አስተሳሰብ ላይ ያለ ኃይል። ወዲያው ግን «የከፈልኩት ለመወያየት እንዲመች ነው እንጂ ኃይል አይከፋፈልም» ይላል። በማዕቀብ የሚቀጣ ሰው፣ ተቀጪው በጥይት ሲመልስለት በጥይት ለመመለስ ካልተዘጋጀ፣ ማዕቀቡ ባዶ ዛቻ ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ ብለው ከጣልያን ጋር መዋጋት አልፈለጉም፤ እንዲያውም ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ይሠጉ ነበር። ስለዚህ ጣልያንን የሚያቆመውን ትተው የማያቆመውን ዕቃ አገዱ። እኛ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የምንለውን ነው ካር በምዕራፍ አስፍቶ የጻፈው።

«የዓለም ሕዝብ አስተያየት ሰላምን ይጠብቃል» በሚለው እምነት ላይም የመጀመሪያ ጥይቱን የተኮሰው ወንበሩን በያዘበት በጥቅምት 1936 ንግግሩ ነው፤ ማዕቀቡ ከተነሣ ገና ሦስት ወር ነበር።

ቅሬታችንን ግን አንደብቅም። ኢትዮጵያ በመጽሐፉ ውስጥ የምትታየው በአብዛኛው የማኅበሩ መፈተኛ ሆና ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ለትንንሽ አገሮች የቀረበውን ጥያቄ ይዘው ቆመው ነበር፤ ትንሿ አገር ራሷ ምን ታድርግ ለሚለው ካር መልስ የለውም። የጻፈው ለታላላቆቹ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ካር የሙኒኩን ስምምነት ማወደሱን አንድ ጽሑፍ ላይ አንብቤ መጽሐፉን ከኢንተርኔት አወረድኩ። ከዳር እስከ ዳር ብፈልገው ያ አረፍተ ነገር የለም። ጸሐፊው ዋሽቷል ወይስ የእኔ ቅጂ ጎዶሎ ነው?

መልስ፦ ማንም አልዋሸም። እርስዎ የያዙት ሁለተኛውን እትም ነው። ካር ረቂቁን ለማተሚያ ቤት ያስረከበው በሐምሌ 1939 አጋማሽ ነው፤ መስከረም 3 ጦርነቱ ሲታወጅ መጽሐፉ እርማት ላይ ነበር። ምዕራፍ 13 ስለ ሰላማዊ ለውጥ ነው፤ በመጀመሪያው እትም ላይ የ1938ቱ የሙኒክ ስምምነት፣ ቼኮዝሎቫኪያ ሱዴተንላንድን ለሂትለር እንድትሰጥ የተገደደችበት ማለት ነው፣ በቅርብ ዓመታት አንድ ትልቅ አለመግባባት በሰላማዊ ለውጥ ሥርዓት ለመፈታት ከሁሉ የቀረበበት አጋጣሚ ተደርጎ ቀርቧል። በ1946 እትም ላይ ይህ ወጣ። ካር በአዲሱ መቅድሙ ለአለመግባባት የጋበዙ ጥቂት አረፍተ ነገሮችን ማሻሻሉን፣ የወቅቱን ክርክር የሚነኩ ሁለት ሦስት ምንባቦችንም ማውጣቱን ይናገራል፤ የትኞቹን እንደሆነ ግን አይዘረዝርም።

የትኛውን እንደያዙ ለማወቅ መቅድሙን ይዩ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ መስከረም 30 ቀን 1939 የሚል መቅድም ስላገኙ ብቻ የመጀመሪያው እትም ነው ብለው አይደምድሙ። ሁለተኛው እትም ሁለቱንም መቅድሞች አብሮ ያትማል። ኅዳር 15 ቀን 1945 የተጻፈ ሌላ መቅድም አብሮት ካለ ሁለተኛው ነው። በ2001 የማይክል ኮክስ መግቢያ ተጨምሮበት እንደገና የታተመውም ቢሆን የያዘው የሁለተኛውን እትም ጽሑፍ ነው።

ለክፍል ሥራ ሁለተኛው ይበቃዎታል። ስለ ካርና ስለ አፒዝመንት፣ ማለትም ሂትለርን እየሰጡ ስለማባበል ፖሊሲ የሚጽፉ ከሆነ ግን የ1939ኙን ሳያዩ አይጻፉ፤ ካላገኙት ደግሞ ሁለቱን እትሞች ያነጻጸረ ጽሑፍ ጠቅሰው ከዚያ መውሰድዎን በግልጽ ያስፍሩ። በግርጌ ማስታወሻ «ካር፣ 1939» ብሎ ጽፎ የገጽ ቁጥሩን ከ1946 እትም መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ገጾቹ አይገጥሙም፣ ፈታኝም በቀላሉ ይይዝዎታል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ በዓባይ ድርድር ላይ ነው። ካርን ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ አድርጌ 15 ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ «ካር ይህን አላለም፤ ቢልም ከጉዳይህ ጋር አልተገናኘም» ብለው መለሱልኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጽሑፍዎን ሳናየው ሦስት ነገር እንገምታለን፤ ተማሪ ሁሉ የሚወድቅባቸው ስለሆኑ።

አንደኛው ምዕራፍ 5 ላይ መቆም ነው። እዚያ ካር የዩቶፒያን ሰዎች፣ ማለትም ዓለም በመልካም መርሕ ትስተካከላለች የሚሉትን፣ ያፈርሳቸዋል፤ «የዓለም ጥቅም» የሚሉት የራሳቸው ጥቅም ነው፣ ሰላምን የሚሰብከው ባለው ነገር የጠገበው ነው ይላል። ተማሪው ይህን ይዞ «ካር ሥነ ምግባር ዋጋ የለውም ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ምዕራፍ 6 ግን ሪያሊስቱን በተራው ያፈርሰዋል። ንጹሕ ሪያሊዝም አራት ነገር ይጎድለዋል ይላል፤ የሚደረስበት ግብ፣ ልብን የሚያነሣሣ ነገር፣ በሥነ ምግባር የመፍረድ መብት፣ ለመሥራት የሚያስችል መነሻ። ካርን የሚጠቅስ ጽሑፍ ምዕራፍ 6ን ካልነካ አማካሪው ቢመልሰው አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ካርን እንደ ቀመር መያዝ ነው። ካር «ሀ ከሆነ ለ ይከተላል» የሚል ሰው አይደለም፤ ተለዋዋጮችና መላ ምት ከሱ አይወጡም። የሚሰጠው መጠየቂያ ነው። ስለዚህ 15ቱን ገጽ ወደ ሦስት ያውርዱና የቀረውን ጉልበት ለሰነድ ያውሉት። ሦስት ወይም አራት ይፋዊ መግለጫ ይምረጡና በእያንዳንዱ ላይ እንዲህ ይጠይቁ፤ ይህን መርሕ የሚያነሣው ማን ነው? አሁን ያለው ሁኔታ እንዳለ ቢቀጥል ምን ያተርፋል? ቦታ ቢለዋወጡ ያንኑ መርሕ ያነሣ ነበር? ለመጨረሻው በግምት አይመልሱ፤ ያው መንግሥት በሌላ ወንዝ ወይም በሌላ ድንበር ጉዳይ ላይ የተናገረውን ፈልገው ያነጻጽሩ።

ሦስተኛው ምዕራፍ 11ን፣ ማለትም የውል ቅድስናን የሚመለከተውን፣ ያለ ቦታው መጠቀም ነው። እዚያ ካር ሁኔታው ሲለወጥ ውል ይጸናል ወይ የሚለውን አሮጌ ክርክር ያነሣል፤ «ውል አይነካም» የሚለው ብዙውን ጊዜ በውሉ የተጠቀመው ወገን መሆኑንም ያሳያል። ተማሪዎች ይህን ወስደው በ1929ኙና በ1959ኙ ውሎች ላይ ይጭኑታል። የ1929ኙ በብሪታንያና በግብፅ መካከል የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የ1959ኙ ግብፅ በዓመት 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የተካፈሉበት ነው። ኢትዮጵያ ሁለቱንም አልፈረመችም። ያልፈረሙት ውል «ሁኔታው ተለውጧልና አይጸናብኝም» ተብሎ አይከራከሩበትም፤ መጀመሪያውኑ አልገቡበትም። የካር ምዕራፍ በትክክል የሚሠራው በ1902ቱ ላይ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተዋዋሉት። በእንግሊዝኛው ቅጂ ውኃውን «የሚያቆም» ሥራ ያለ ስምምነት አይሠራም ይላል፤ ማቆም መጠቀምን ይጨምራል ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ወደ ፈረሙት ወደ 2015ቱ የካርቱም የመርሖች መግለጫ ይሂዱ። በአንድ ወረቀት ላይ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» እና «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ከላይ ያለው አንደኛውን፣ ከታች ያለው ሁለተኛውን ያነሣል። ለካር ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መሞከሪያ አያገኙም። አንድ ነገር ብቻ፤ መነጽሩን ካይሮ ላይ ብቻ አድርገው አዲስ አበባ ላይ ካወለቁት የጻፉት መግለጫ እንጂ ጥናት አይሆንም።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ካር ኮሚኒስት ነበር?

መልስ፦ የፓርቲ አባል አልነበረም። በዕቅድ የሚመራ ኢኮኖሚ ግን ይማርከው ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ በታይምስ ላይ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወዳጅነት እንዲጠብቅ ደጋግሞ ጽፏል። በ1944 መጨረሻ የብሪታንያ ጦር ግሪክ ውስጥ ከግራ ክንፍ ታጣቂዎች ጋር ሲጋጭ ጋዜጣው የመንግሥትን እርምጃ ነቀፈ፤ ቸርችልም በፓርላማ ጋዜጣውን አብጠለጠለው።

የከበደው ትችት ሌላ ነው፤ ከላይ የጠቀስነው የሞርገንታው። ካር ከኃይል ውጭ የሚቆምበት መለኪያ ስለሌለው ኃይል ወደ ዞረበት ይዞራል ነው ትችቱ። በ1938 የምትነሣው ጀርመን ነበረች፤ ካር ለጀርመን ቦታ ይለቀቅ አለ። በ1945 የምትነሣው ሶቪየት ነበረች፤ ለሶቪየት ቦታ ይለቀቅ አለ። በኛ ግምት ይህ ትችት እስከ ዛሬ በቂ መልስ አላገኘም።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ያን ሁሉ ቅጽ እንዴት ጻፈው? ማስታወሻ አያያዙ ይጠቅመኛል፤ የዲፕሎማሲ ሰነድ ላይ እየሠራሁ ነው።

መልስ፦ «ታሪክ ምንድን ነው?» በተባለው የ1961 ትምህርቶቹ ላይ አሠራሩን ይናገራል። መጀመሪያ ሁሉን አንብቦ፣ ማስታወሻ ሞልቶ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጻፍ የሚባለው ለሱ አይሆንም። ዋና ዋና የሚላቸውን ጥቂት ምንጮች እንዳነበበ መጻፍ ይጀምራል፤ ያውም ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጣለት ቦታ። ከዚያ ማንበብና መጻፍ አብረው ይሄዳሉ፤ ሲጽፍ ምን እንደጎደለው ያውቃል፣ የጎደለውን ሊፈልግ ወደ ንባብ ይመለሳል። ቶሎ ጀምረው ብዙ መሰረዝ ካላስፈራዎ ይሞክሩት።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የሽትሬዘማን ታሪክ ነው። የጀርመኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጉስታፍ ሽትሬዘማን በ1929 ሲሞት 300 ሣጥን ወረቀት ተወ። የግል ጸሐፊው ከዚያ መርጦ እያንዳንዳቸው 600 ገጽ ያህል የሆኑ ሦስት ቅጾች አሳተመ። ሚኒስትሩ በምዕራብ አውሮፓ የተሳካላቸው ስለነበር ቅጾቹ በዚያ ተሞሉ፤ ከሶቪየት ጋር የነበረው ብዙ ውጤት ያልታየበት ሥራ ጠበበ። እንግሊዝኛው ትርጉም ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ቆረጠ፤ የተቆረጠውም ያነሰ ጠቃሚ የመሰለው ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ሽትሬዘማን ስለ ሩሲያ ብዙም አይጨነቅ ነበር ብሎ ይደመድማል።

ሣጥኖቹ ሁሉ ቢከፈቱስ? ሽትሬዘማን ከሶቪየቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ከቺቸሪን ጋር ያደረጋቸው ንግግሮች ማስታወሻ አለ። ብዙውን የሚናገረው ሽትሬዘማን ነው፤ የሱ ክርክር ጥርት ያለ፣ የቺቸሪን ቁርጥራጭና ግራ የተጋባ ነው። ለምን ቢባል፣ የጻፈው ሽትሬዘማን ነዋ!

ስለ ኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ታሪክ ስንጽፍ የብሪታንያና የጣልያን ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶች) ሪፖርት ላይ ስለምንደገፍ ይህ ጉድጓድ ሁልጊዜ ከፊታችን ነው፤ ባላባቱ ወይም ሚኒስትሩ «አመነታ» ተብሎ የተጻፈው በማን ብዕር ነው? በእያንዳንዱ የማስታወሻ ካርድ አናት ላይ አራት ነገር ይጻፉ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደላከው፣ ከንግግሩ ስንት ቀን በኋላ እንደጻፈው፣ ሰነዱን ለኅትመት የመረጠው ማን እንደሆነ። አራተኛው ባዶ ከሆነ ከታተመው ቅጽ ሳይሆን ከዋናው ፋይል ላይ ነው ያነበቡት ማለት ነው፤ ደስ ይበልዎ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ከሥራ ዕረፍት ያለኝ ሁለት ቀን ነው። «የሃያ ዓመቱ ቀውስ»ን በሁለት ቀን እንዴት ላንብበው?

መልስ፦ መጽሐፉ 14 ምዕራፍ ነው፤ ሁሉን አይችሉትም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ምዕራፍ 4ን፣ 5ንና 6ን ሳይነሡ ያንብቡ፤ 4ኛው የጥቅሞችን መጣጣም፣ 5ኛው ነቀፋውን፣ 6ኛው የነቀፋውን ነቀፋ ነው የያዙት፤ ተለያይተው ከተነበቡ ይበላሻሉ። ከሰዓት በኋላ ምዕራፍ 8ን፤ የማዕቀቡ ነገር እዚያ ነው። በሁለተኛው ቀን ምዕራፍ 11ንና 13ን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ለመጨረሻ ይተዉዋቸው፤ መግቢያ ቢመስሉም ከላይ ያሉትን ካላነበቡ ደረቅ ናቸው። ምዕራፍ 12ን የሕግ ባለሙያ ካልሆኑ ይዝለሉት።